የደረበች ልጅ

ፊልሙን የጠረጠርኩት ገና ሳላየው ነው። የእህቴ ልጅ ስልኳን ትራሷ ሥር ማስገባት ጀመረች። ወደ ክፍሏ ስገባ ታጠፋዋለች፤ ስወጣ ታበራዋለች። "ምንድን ነው እሱ?" አልኳት። "ፊልም ነው አክስቴ" አለችኝ። ፊልም ብቻ ከሆነ ትራስ ሥር ምን ይሠራል? "ስለ ምንድን ነው?" አልኳት። "ኃይል ስለተሰጣት ልጅ ነው።" "ማን ነው የሰጣት?" ስላት ሳቀች። የሚያስቅ ነገር አልተናገርኩም።

እኔ ጠርጣራ ሴት ነኝ፤ መርሳ ላይ የሚያውቀኝ ሁሉ ይህን ያውቃል። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ነገ እወስደዋለሁ ያለኝ ደንበኛ ነገ እንደማይመጣ ከፊቱ አነባለሁ። ቲማቲም የምገዛው ከላይ ያለውን አንስቼ ሥሩን አይቼ ነው። ባሌም "ከአንቺ ጋር መኖር ፍርድ ቤት እንደ መመላለስ ነው" ብሎ ነው የፈታኝ። እሱም እውነቱን ነው፤ እኔም ያን ጊዜ እውነቴን ነበር።

ግን ጥርጣሬዬ ከሰማይ ዱብ ያለ አይደለም። እህቴ ወደ ሳዑዲ የሄደች ጊዜ ልጇ ገና ጡት መጣሏ ነበር። ከእኛ አገር ልጆች ተደብቀው እንዴት እንደሚሄዱ ሐብሩ ወረዳችን ውስጥ የማያውቅ የለም። ሻንጣ አይያዝም፤ ሻንጣ የያዘች ልጅ መነኸሪያ ሳትደርስ ዘመድ ይይዛታል። ስለዚህ ቀሚስ በቀሚስ ላይ ይደረባል። ከመሄዷ በፊት ደግሞ ልጅቱ ያለ ምክንያት ጨዋ ትሆናለች፤ ዘመድ ጎረቤቱን እየዞረች "አፉ በሉኝ" ትላለች። ይቅር በሉኝ ማለቷ ነው፤ በረሃ ላይ ብትቀር የሰው ሐቅ አንገቷ ላይ እንዳይቀር።

እህቴም እንደዚያው አደረገች። ማታ "አፉ በይኝ" አለችኝ፣ "ምን አድርገሽኝ?" ብዬ ሳቅኩባት። ጠዋት የእኔን አረንጓዴ ቀሚስ ከራሷ ቀሚስ በላይ ደርባ "ግራና ገበያ ደርሼ ልምጣ" ብላ ወጣች። ብርድ ብርድ ያላት መስሎኝ ነበር። ድምፅዋን መልሼ የሰማሁት ከጅዳ ስትደውል ነው። ልጅቷን ያሳደግኳት እኔ ነኝ። አሁን አሥረኛ ክፍል ናት፤ ቁመቷ ከእኔ አልፏል። በዚህ ዓለም ላይ የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቷ በሄደችበት መንገድ እንዳትሄድብኝ። ለዚያ ነው ሥሩን የማየው።

አንድ ጁምዓ ከሰዓት ሱቄን ዘግቼ ገባሁና "በይ ያን ፊልም አውጪው፤ አብረን እናያለን" አልኳት። ትቆጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ደስ አላት። ይሄም አጠራጠረኝ። ወልዲያ ካለ ሱቅ በፍላሽ ያስጫነችው ነው፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካችና አጠገቤ ተቀመጠች።

አገሩ ባሕር ማዶ ነው። የእሷ እኩያ የሆነች ልጅ ከአባቷ ጋር ትኖራለች፤ አባቷ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። አንድ ቀን ዝናብ ሲጥል መብረቅ አጠገቧ ይወድቅና ከዚያ ወዲያ የተጨነቀ ሰው ሁሉ ድምፅ፣ ከየትም ይሁን ከየት፣ ይሰማታል። ጉልበትም ይጨመርላታል፤ ከጣሪያ ጣሪያ ትዘላለች። ቀን ተማሪ ናት። ሰው ሲጮህ ስትሰማ ግን ዓይኗ ዙሪያ ጨርቅ አስራ፣ ቀይ ልብስ ለብሳ ትደርሳለች። ያንን ቀይ ልብስ ከትምህርት ቤት ልብሷ ሥር ደርባ ነው የምትውለው።

"ይሄውልሽ" አልኩ በሆዴ። የምትማረው ይህንን ነው። መደረብ።

ቀጥሎ ተርጓሚውን ጠረጠርኩት። እነዚህን ፊልሞች በአማርኛ የሚያሰማን አንድ ሰው ብቻውን ነው፤ ያው ጎርናና ድምፅ ልጅቷንም ይሆናል፣ አባቷንም፣ ሌባውንም፣ ፖሊሱንም። ልጅቷ ከንፈሯ እስኪደርቅ ትለፈልፋለች፣ እሱ "እሺ አባዬ" ብሎ ይቀራል። "ቀሪውን የት አደረሰው?" አልኩ። "አሳጥሮት ነው" አለች። "ምን እንደቆረጠ በምን አውቃለሁ?" "አክስቴ፣ ዝም ብለሽ እዪ።" ከራሱ ደግሞ ይጨምራል። ሌባው ከፎቅ ሲወድቅ "ወይኔ ሽሮዬን ሳልበላ" ይላል። በዚያ አገር ሽሮ አለ? የእህቴ ልጅ በሳቅ ፍርስ አለች። እኔም ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ዋጥ አደረግኩት።

የፊልሙ ድካም ብዙ ነው። አንደኛ ነገር ያ ጨርቅ። ዓይኗ ዙሪያ ሁለት ጣት የማትሞላ ጨርቅ ስላሰረች ጎረቤቷ አይለያትም፣ አስተማሪዋ አይለያትም፣ የገዛ አባቷ ፊት ለፊቷ ቆሞ "አንቺ ማነሽ?" ይላታል። እኔ መርሳ ገበያ ላይ ኒቃብ የለበሰች ሴት፣ ከዓይኗ በቀር ምኗም ሳይታይ፣ በአረማመዷ ብቻ የማን ሚስት እንደሆነች እናገራለሁ። ይሄ አባት አገጯን አያይም? እጇን አያይም? "ሰውየው ዕውር ነው ወይስ ልጁን አያውቃትም?" አልኩ። "ፊልም ነው አክስቴ" አለች። የሆነው ሁሉ ፊልም ነው እየተባለ ይታለፋል እንዴ።

ልብሱማ ጭራሽ አናደደኝ። ልጅቷ ማታ ክፍሏ ውስጥ በእጅ መርፌ ትቀመጣለች፣ ሙዚቃ ይሰማል፣ ከዚያ ልብሱ አልቋል። ማሽን የለ፣ ሜትር የለ። ብብቷ ላይ አይጨማደድም፣ ስትዘል ጀርባው ላይ አይሳብም። "ይሄን ልብስ ማን ሰፋው?" አልኩ። "እሷ ናት፤ አሁን አየሽ አይደል?" "ወላሂ እሷ አይደለችም። ከኋላዋ የሆነች ሴት አለች፤ ሰፍታላት ሳያሳዩዋት ቀርተዋል።" ይህን ስል የእህቴ ልጅ ዘወር ብላ ትክ ብላ አየችኝ። ምን አሰበች ብዬ ጠረጠርኩ።

ክፉው ሰውዬም አለ፤ የከተማውን ውሃ ሊመርዝ የሚፈልግ ሀብታም። ልጅቷን ይዞ ካሰራት በኋላ ዕቅዱን ከሀ እስከ ፐ ያስረዳታል። ሊገድል የመጣ ሰው ምን ያስለፈልፈዋል? እናቷ ደግሞ የለችም። ግድግዳ ላይ አንድ ፎቶ ያሳዩና ያልፋሉ። "እናትየዋ የት ሄደች?" ብዬ አፌ ላይ መጣ፣ ተውኩት። የእህቴ ልጅም ያን ጊዜ የሶፋውን ጨርቅ ትቆነጥር ነበር።

ግን ሐቁን መካድ አልወድም፤ ጥሩ ነገርም አለው። ልጅቷ መጀመሪያ ከጣሪያ ልትዘል ስትል ጉልበቷ ይንቀጠቀጣል፣ ተመልሳ ትቀመጣለች፣ ታለቅሳለች። ከዚያ ነው የምትዘለው። ይህን ወደድኩት፤ ፈሪ ሆኖ መዝለል ነው እንጂ የማይፈራማ ምን ይባላል። ከዚያ የእራቱ ነገር አለ። እጇ ቆስሎ ከአባቷ ጋር ትቀመጣለች። "ምን ሆነሽ ነው?" ይላታል። "ኳስ ስጫወት" ትለዋለች፣ ዓይን ዓይኑን እያየች። ውሸታም ዓይኑን ይሰብራል የሚል ሰው ልጅ አላሳደገም። ይህን የጻፈ ሰው ግን አሳድጓል። ሳላስበው ዘወር ብዬ የራሴን ልጅ አየኋት፤ እሷ ቴሌቪዥኑን ታያለች።

ከሁሉም ያሳዘነኝ ግን ሌላ ነው። ይህች የከተማውን ጩኸት ሁሉ የምትሰማ ልጅ፣ አባቷ ከአንድ ግድግዳ ወዲያ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ሲያለቅስ አትሰማውም። ለምን እንደማይሰማት ማንም አይናገርም። ያሳዩናል፣ ያልፋሉ። አንጀቴን በላኝ። ደግነቱ ተርጓሚውም እዚያ ላይ ዝም አለ።

ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው መብራት ጠፋ። "መጨረሻው ምንድን ነው?" አልኳት። "ከተማዋን ትለቃለች" አለችኝ። "ሌላ አገር የሚጮህ ሰው ስላለ።" "ለአባቷ ነግራ?" "አይ፤ ሳትነግረው።" ደሜ ፈላ። "ታዲያ ይሄ ምኑ ነው ጀግንነት? ሰውየውን ባዶ ቤት ጥሎ መሄድ?" አልኩ፣ ሳላውቀው ጮክ ብዬ። "እኔም መጨረሻው አልተመቸኝም" አለች። አላመንኳትም። ያልተመቸውን ፊልም ማን ደጋግሞ ያያል?

ከዚያ ወዲያ ዓይኔን ጣልኩባት። ሱቄ ውስጥ ለቀሚስ ገበር የማስቀምጠው ቀይ ጨርቅ ጎደለ። የማሽኑ መርፌ እኔ ባልተውኩበት ቁመት ቆሞ አገኘዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወልዲያ ቲቶሪያል አለን እያለች ትሄዳለች፤ ስትመለስ ግን ደብተሯ ላይ አዲስ ነገር አልተጻፈም፣ ድምፅዋ ደግሞ እንደ ዘፋኝ ሰልሎ ይመጣል። ሲያጠና የዋለ ሰው ድምፁ ይሰልላል? ከበሩ ጀርባ ጆሮዬን ጥዬ በስልክ "እንግዲህ ቅዳሜ ነው፣ ለማንም እንዳትናገሩ" ስትል ሰማኋት። መጀመሪያ ወንድ ነው አልኩ። ኋላ ግን ወንድ በሆነ ብዬ ተመኘሁ፤ ወንድ ቢያንስ መርሳ ወይ ወልዲያ ነው ያለው።

እህቴ ስትደውል በቀጥታ ጠየቅኳት። "ልጅቷን ልትወስጂ ደላላ ልከሻል?" አልኳት። "እኔ ያለሁበትን ኑሮ እያወቅኩ?" አለችኝ። "ሳዑዲ ምን እንደሆነ አይቼ ለልጄ የምመኝላት ይመስልሻል?" ልጄ አለች፤ ልጇ ናት፣ ምን ልበል። እሷንም ግን አላመንኳትም። አንዴ ግራና ገበያ ብላ የሄደች ሴት ናት።

ዓርብ ዕለት አመሻሽ ላይ የደንበኛ ቀሚስ ስተኩስ ልጅቷ በሩ ላይ ቆመች። "አክስቴ" አለችኝ። "እህ።" "አፉ በይኝ።"

ካውያው እጄ ላይ ቀረ። "ምን አድርገሽ?" "እንዲያው ነው። የሆነ ነገር ወስጄብሽ ይሆናል።" ፈገግ ብላለች፤ ያ ፈገግታ ደግሞ የእናቷ ነው። አፉ ብያለሁ ማለት ነበረብኝ፤ ለእስላም ይህ ቀላል ነገር ነው። አልወጣልኝም። "ሂጂ እጅሽን ታጠቢ፣ እራት ደርሷል" አልኳት። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም።

ጠዋት ከመነሳቴ በፊት ወጥታለች። ሱቄን እንደ ከፈትኩ ከጎኔ ብርቱካንና ማንጎ የሚሸጡ ሽማግሌ ጠሩኝ። "አንቺ፣ ልጅሽ ታማለች እንዴ?" አሉኝ።

"ኧረ ደህና ናት። ምን አይተው ነው አንቱ?"

"በዚህ ሐሩር ቀሚስ በቀሚስ ደርባ ወደ መነኸሪያ ስትሄድ አየኋት። ወባ ይሆን እንዴ ብዬ ነው።"

ክው አልኩ። ሽማግሌውም ፊቴን ሲያዩ ነገሩ ገባቸው፤ "ያ አላህ" ብለው የያዙትን ብርቱካን አስቀመጡ። ሱቁን ሳልዘጋ ሜትሬን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ ሮጥኩ። መነኸሪያ ስደርስ የወልዲያው ሚኒባስ ወጥቷል። ባጃጅ ውስጥ ገብቼ "ተከተልልኝ፣ ልጄ ናት" አልኩት ባለባጃጁን። ምንም አልጠየቀኝም። በእኛ አገር ይህ ዓረፍተ ነገር ማብራሪያ አይፈልግም።

ሚኒባስ እንደምታውቁት መንገድ ላይ ያየውን ሁሉ እያነሳ እያወረደ ነው የሚሄደው። ስሪንቃ ላይ ሰው ሊያወርድ ሲቆም ደረስንበት። በሩን ከፈትኩት። ከኋላ ወንበር ላይ መስኮቱ ጋ ተቀምጣለች፤ ፊቷ ላብ በላብ ሆኗል፣ ኮሌታዋ ሥር ሌላ ኮሌታ ይታያል።

"ውረጂ" አልኳት።

"አክስቴ? ምን ሆንሽ?"

"ውረጂ ብያለሁ።"

አልጠበቅኳትም፤ በሰው ጉልበት ላይ ተሻግሬ ትከሻዋን ያዝኩና ጎተትኳት። የሆነ ነገር ጭርር ብሎ ሲተረተር ሰማሁ። መኪናው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በአንድ አፍታ ገባው። "እሰይ፣ ደርሰሽ ያዝሻት" አለች አንዲት ሴት። ከፊት የተቀመጡ አዛውንት እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩ። ረዳቱ "እኔ የለሁበትም፣ ተሳፋሪ ናት ብዬ ነው" እያለ ይምላል። "ከስንት ልጅ ጋር ነሽ? ደላላው የት ነው የሚጠብቃችሁ?" ይላል ሌላው። ልጅቷ አንዱን ታያለች፣ ሌላውን ታያለች። እኔም ምስክር የምፈልግ ይመስል፣ አስፋልቱ ዳር፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የላይኛውን ቀሚሷን ጫፍ ይዤ ወደ ላይ ገለጥኩት።

ከሥሩ ቀይ ነው። የእኔ ገበር ነው። ሱሪና እጀ ሙሉ ሆኖ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ተሰፍቷል፤ ደረቱ ላይ ከቢጫ ጨርቅ የተቆረጠ ትልቅ ጆሮ ተለጥፏል። ትከሻው ላይ እኔ ጎትቼ የተረተርኩት ስፌት አፉን ከፍቷል።

ዱዓ ያደርጉ የነበሩት አዛውንት እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። ከዚያ ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፣ ሌላው ተከተለው።

"ትያትር ነው" አለች ልጅቷ። አላለቀሰችም። ቀሚሷን ከእጄ አስለቅቃ ወደ ታች አወረደችው። "ወልዲያ የትምህርት ቤቶች ትያትር አለ፤ እኔ ነኝ ጀግናዋ። ቅዳሜ ቅዳሜ ስንለማመድ ነበር።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርሽ ትፈቅጂ ነበር?"

አልፈቅድም ነበር። ከማን ጋር፣ ማን ጻፈው፣ አስተማሪው ማነው፣ ስንት ሰዓት ያልቃል እያልኩ ነገሩን አፈር አበላው ነበር። ሾፌሩ "ትሳፈራላችሁ ወይስ አትሳፈሩም?" አለ። ተሳፈርን፤ ሁለታችንም። እስከ ወልዲያ ድረስ ከጎኗ ተቀምጬ የተተረተረውን ትከሻዋን አያለሁ። እሰይ ያለችው ሴት ወልዲያ እስክንደርስ በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከኋላ አገዳሚ ወንበር ላይ ቦታ አገኘሁ። ልጅቷ መድረክ ላይ ስትወጣ ትከሻዋን በሒጃብ ስፒል ይዛዋለች፤ ከሩቅ አይታይም፣ ለእኔ ግን ከዚያ ስፒል በቀር የሚታየኝ አልነበረም። ጀግናዋ በፊልሙ እንዳለችው ልጅ ጩኸት ትሰማለች፤ የምትሰማው ግን በረሃ ላይ የቀሩ የሐብሩ ልጆችን ነው። ዓይኗ ዙሪያ ጨርቅ የለም፤ ኒቃብ ነው ያደረገችው። ከኒቃቡም ጋር አንዲት የመርሳ አትክልት ሻጭ በአረማመዷ ትለያታለች፣ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ክፉው ደላላ ዕቅዱን አያስረዳም፤ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ሥራውን ይሠራል፣ በዚያም የበለጠ ያስፈራል።

አንገቷ ላይ ሜትር ያንጠለጠለች ልጅ ስትወጣ ግን ልቤ ዱብ አለ። ተሳለቁብኝ አልኩ፤ መቼም የኔን ነገር ለሳቅ ነው የሚያመጡት። ለሳቅ አልነበረም። ለጀግናዋ ልብሱን የሰፋችላት አክስቷ ናት። ጀግናዋ ከአክስቷ ፊት ቆማ ልኳን ታስለካለች፣ ለማን እንደምትደርስም ትነግራታለች። መጨረሻው ላይ በረሃ ልትወርድ ስትል "አፉ በይኝ" ትላታለች። ሜትር ያንጠለጠለችው አክስት "አፉ ብያለሁ፣ አላህ ይጠብቅሽ" ብላ በሩን ትከፍትላታለች። እውነቱን ልናገር፣ ትያትሩም ድካም አለው፤ በረሃው አንድ ቢጫ አንሶላ ነው፣ ደላላው መሞቻው ላይ ሳቁ መጥቶበታል። ያን ሁሉ አየሁ። ግን ሶስት ጊዜ ዓይኔን ጠረግኩ። ያን ፊልም እያየሁ ያማረርኩትን ሁሉ አንድ በአንድ ሰምታ አስተካክላዋለች። ያኔ ትክ ብላ ያየችኝ ለዚህ ነበር።

ስንመለስ መኪናው ግማሽ ባዶ ነበር። ስሪንቃን ስናልፍ እሷ ናት የጀመረችው።

"አክስቴ፣ እኔ መሄድ አስቤ አላውቅም ነበር" አለችኝ። ድምፅዋ ላይ ቁጣ የለም። "አንድም ቀን። እማዬ ስትደውል እንኳ አስቤ አላውቅም። ዛሬ ጠዋት ግን ያ ሁሉ ሰው እያየኝ ቀሚሴን ስትገልጪው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምን አልሄድም አልኩ።"

"አሁንስ?" አልኳት።

"አሁን አላውቅም።"

ዓይን ዓይኔን እያየች ነው ያለችው። ውሸት ይሁን እውነት መለየት አቃተኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስለይ ኖሬ የራሴን ልጅ ፊት ማንበብ አቃተኝ። መርሳ ገባን።

ሱቁ እንደተከፈተ ነው፤ ሽማግሌው ሲጠብቁልኝ ውለዋል። ልጅቷን ከኋላዬ ሲያዩዋት "አልሃምዱሊላህ" አሉና ማንጎ ዘረጉላት። እጃቸውን ስማ ተቀበለች። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብታ ቀዩን ልብስ አውልቃ አመጣችና ማሽኑ ላይ አስቀመጠችው።

"ትከሻውን ስፊልኝ" አለችኝ። "የሚመጣው ቅዳሜ እፈልገዋለሁ።"

ትያትሩ አልቋል። ቅዳሜ ለምን? የት? ከማን ጋር? ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። ስፒሎቹን ከተሰኩበት ትንሽ ትራስ ላይ እየነቀልኩ በከንፈሬ ያዝኩ፤ ለዚያች ትከሻ ሁለት ስፒል ይበቃ ነበር፣ እኔ አፌን ሞላሁት። የተተረተረውን ገጥሜ፣ ብብቱ ላይ የሚስበውንም ፈትቼ አላልቼ፣ በድርብ ክር ሰፋሁላት። እስክጨርስ አጠገቤ ቆማ ማንጎዋን በላች። ስሰጣት ብርሃን ላይ ዘርግታ ስፌቱን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች፤ ትጠይቀኛለች ብላ እየጠበቀች ነው። ስፒሎቹን ከአፌ አላወጣሁም።